የማሜሎዲ ጆሮ

ከፕሪቶሪያ ዳር ባለችው በማሜሎዲ ሰፈር የጃዝ ማኅበርተኞች ሚስቶች ስለ ፊንያስ ማሴሞላ አንድ አባባል ነበራቸው፤ «ለእግዜር ከተንበረከከው ለቤዝ የተንበረከከው ይበልጣል» ይሉ ነበር። አልዋሹም። ሰው አዲስ ስፒከር ሲገዛ ወይም ቤት ሲቀይር ፊንያስ ይጠራል። ይመጣና ኮቱን አውልቆ በር ጀርባ ይሰቅላል፤ ከዚያ ስፒከሩን ሰው የሚቀመጥበት ሶፋ ላይ አውጡልኝ ይላል። ባለቤቶቹ ይሳሳቃሉ። እሱ ግን ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ የሚያጉረመርም የሙዚቃ ሸክላ ያስከፍትና በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ክፍሉን ይዞረዋል። ሱሪው በደንብ የተተኮሰ የእሁድ ሱሪ ቢሆንም ግድ የለውም። እዚህ ቆም፣ እዚያ ቆም ይላል፤ መዳፉን ወለሉ ላይ፣ ግንባሩን ግድግዳው ላይ ያደርጋል። አንድ ቦታ ሲደርስ ይቆምና በጠመኔ ይከበዋል። ስፒከሩ እዚያ ሲተከል፣ ትናንት እንደ ባዶ በርሜል ያንኳኳ የነበረው ቤዝ እያንዳንዱ ምቱ ለየብቻው ይሰማል።

ሌላም ሌላም ያውቅ ነበር። ጥግ የተወተፈ ስፒከር ይጮኻል እንጂ አይናገርም ይላል። ከሥሩ ሁለት ጡብ ያስደርጋል፣ ከጀርባው ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ያሰቅላል፤ አንዳንዱንም ቤት ቁም ሣጥን ከመኝታ ቤት አስወጥቶ ሳሎን ያስገባል። ሴቶቹ ቢያጉረመርሙም ድምፁን ሲሰሙ ዝም ይላሉ። ራቅ ካሉት ሰፈሮች፣ ከአተሪጅቪል፣ ከጋራንኩዋ ድረስ በመኪና እየመጡ ይወስዱታል። «የማሜሎዲ ጆሮ» የሚለው ስም የወጣለት እንዲህ ነው።

እንግዲህ እውነቱን እንናገር። የማሜሎዲ ጆሮ ደንቆሮ ነበር።

ጨርሶ አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት ብረት ፋብሪካ ውስጥ፣ ከትልቁ መዶሻ አጠገብ ቆሞ ሠርቷል። መዶሻው መጀመሪያ የወሰደበት ወፎቹን ነው። ቀጥሎ የማታ ፌንጣዎችን፣ ቀጥሎ የማንቆርቆሪያውን ፉጨት፣ ቀጥሎ የድራሙን ጸናጽል፣ ሲምባሉን፣ እና የትራምፔቱን ጫፍ ወሰደ። በመጨረሻ ሴቶችና ሕፃናት ሲናገሩ የቃሉ ጅራት እየተቆረጠ ይቀርበት ጀመር፤ እሱንም ከንፈር እያየ መሙላት ለመደ። ቤዙ ግን እንዳለ ቀረለት፤ በእግሩ ይገባል፣ ደረቱ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ በቤዝ ነገር ማንንም አላታለለም፤ በዚያ በኩል ፕሪቶሪያን ብታስስ የሚስተካከለው አታገኝም። የሚያታልለው በቀረው ነው።

የቀረውን የምትሰማው ሚስቱ ሞካዲ ነበረች። ሞካዲ ከልጅነቷ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ነበረች፤ ከሠላሳ ድምፅ መሃል ማን እንደሳተ ዘወር ሳትል ትናገራለች። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ፊንያስ አዲስ ሸክላ አምጥቶ ሲያዳምጥ፣ ምነው ይሄ ድራመኛ ሲምባል አይነካም ብሎ ጠየቃት። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ፣ ይነካል እኮ አለችው። የዚያን ቀን ሁለቱም አለቀሱ። በማግስቱ ዘዴውን አበጁ።

ዘዴው ቀላል ነበር። ፊንያስ ድምፅ ለማስተካከል ሲጠራ ሞካዲም የቤቱን እመቤት ልጠይቅ ብላ አብራው ትሄዳለች፤ ኪሮሿን ይዛ መሃለኛው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ቤዙን እሱ በራሱ ይጨርሳል። ወደ ቀጭኑ ድምፅ ሲመጣ እጁን በድምፅ ማጉያው፣ በአምፕሊፋየሩ ማዞሪያ ላይ አድርጎ ወደ እሷ ያያል። ክሩን ወደ ላይ ሳብ ካደረገች ጨምር ነው፤ ክሩን ጣቷ ላይ ከጠመጠመች ቀንስ ነው። ኪሮሹን ጭኗ ላይ ስታስቀምጥ በቃ፣ ልክ ነው ማለት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ማንም አላወቀም። ኪሮሽ የምትሠራ ሴትን ማን ያያል?

ለምን አልተናገረም ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከዚያ ስም ሌላ ምንም አልነበረውም። እሷም ብትሆን በስሙ ትኮራ ነበር፤ ገበያ ስትወጣ «የጆሮአችን ሚስት» ሲሏት ደስ ይላታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እነዚህ ሁለት ሞኞች ተያይዘው ነበር።

በነሐሴ፣ በየወሩ አንድ እሁድ በአባል ቤት ተሰብስቦ ሸክላ የማዳመጡ የማኅበሩ ተራ ፊንያስ ቤት ደረሰ። ማኅበርተኞቹ ሃያ ሁለት ስለሆኑ ተራ በሁለት ዓመት አንዴ ነው የሚደርሰው። የሌላ ሰፈር ማኅበሮችም ይጠራሉ፤ ወንዶቹ ባለሁለት ቀለም ጫማቸውን ወልውለው፣ ኮፍያቸውን አስተካክለው ይመጣሉ፤ ሁሉም ሸክላውን በብብቱ ይዞ። ደንባቸው ግን አንድ ነገር ይላል፤ ቤቱ ውስጥ ሕመምተኛ ካለ ተራው ለቀጣዩ ይተላለፋል። ነውር የለበትም፤ ለሊቀመንበሩ ለሌሲባ አንድ ቃል መናገር ይበቃል።

ሞካዲ ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ታስል ነበር። የዚያ አገር ክረምት ዝናብ የሌለው ደረቅ ብርድ ነው፤ በየግቢው የሚነደው የድንጋይ ከሰል ጢስ መንደሩ ላይ ተኝቶ ይውላል፤ የማያስል ሰው አልነበረም። ስለዚህ ማንም ልብ አላለም፤ ከታናሽ እህቷ ከማፉቲ በቀር። ማፉቲ ከሚቀጥለው መንገድ ነው የምትኖረው፤ ጠዋት ጠዋት እየመጣች እህቷን ታያለች። ከእሁዱ አራት ቀን ሲቀረው ፊንያስን ግቢ ውስጥ አቆመችው።

«ንታቴ፣ ሐኪም ቤት ይውሰዷት። ደረቷ ያፏጫል» አለችው፤ ንታቴ «አባቴ» ማለት ነው።

ፊንያስ ገብቶ ሚስቱን ቀና በይ አላትና ጆሮውን ደረቷ ላይ አደረገ። ልቧ ይመታል፤ ያ ቤዝ ነው፣ ጥርት አድርጎ ሰማው። ከዚያ ሌላ ምንም አልነበረም። ያ ጆሮ ፉጨት መስማት ካቆመ አሥራ አንድ ዓመት እንደሆነው ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ቢሆንም፣ ምንም የለም ብሎ ለማፉቲ ሲነግራት ግማሽ ልቡ አምኖት ነበር። ሰው የሚፈልገውን ለማመን ብዙ ማስረጃ አይጠይቅም።

ማታ እሱው ራሱ ተራውን ላስተላልፈው እንዴ አላት ሞካዲን። ለዚህ እንኳ ክፉ አንለውም፤ ጠይቋል።

«አሁን ስታስተላልፈው ምክንያቱን ይጠይቁሃል፤ ታማለች ትላለህ» አለች ሞካዲ፣ በሁለት ሳል መሃል። «ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ሌላው ቤት ይጠሩሃል። እኔ ተኝቼ ማን ይቀመጥልሃል?»

ፊንያስ ብርድ ልብሱን ትከሻዋ ላይ ሳብ አደረገላት።

«ሰኞ እንሄዳለን። እሁድን ልቀመጥልህና ሰኞ።»

እምቢ ማለት ይችል ነበር። አላለም።

እሁድ ጠዋት ቤዙን ተከለ። የገዛ ቤቱን ወለል ልክ እንደ ሰው ቤት በጉልበቱ ዳኸው፤ ግራውን ስፒከር ከግድግዳው ሦስት ስንዝር ተኩል አራቀው፤ ጡቦቹን በወፍራም እንጨት ለወጣቸው። ጠዋት ባዶ ቤት ውስጥ ሞካዲ ተቀምጣ ሁሉንም ጨረሱ፤ ኪሮሹ ጭኗ ላይ ዐረፈ፤ ድምፁ ልክ ነበር። ችግሩ ግን ይሄ አይደለም። ቤት በሰው ሲሞላ፣ በክረምት ወፍራም ኮትና ሹራብ ሲሞላ፣ ልብሱ ቀጭኑን ድምፅ ይጠጣዋል፤ ድምፁ ብርድ ልብስ እንደተከናነበ ይሆናል። ስለዚህ ማስተካከያው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ሰው ባለበት፣ ሁሉም እያየ።

ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ቤቱና በረንዳው ወደ ስልሳ ሰው ይዟል። ማፉቲ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ጓሮ ገንፎና ጨጓራ ከሚበስልበት ድስት አልተነሳችም። ሞካዲ መሃለኛው ወንበር ላይ፣ ትከሻዋ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያሉት ሰዎች ሰላም ሲሏት ራሷን ነቅነቅ ታደርጋለች። ሌሲባ እጁን አንስቶ፣ ጆሮአችን ሥራህን ሥራ አለ፤ ሁሉም ሳቀ፣ ፊንያስ ወደ አምፕሊፋየሩ ሄደ።

እጁን ማዞሪያው ላይ አድርጎ አያት። ክሩን ወደ ላይ ሳበች። ጨመረ። ሌላ ጊዜ ሁለት ሦስት ትንፋሽ ያህል ነው፤ ወዲያው ኪሮሹን ታስቀምጣለች። ዛሬ እጇ እዚያው ከፍ እንዳለ ቀረ። ሰው በዝቷል፣ ኮቱም ወፍራም ነው ብሎ አሰበ። ጨመረ። እጇ አልወረደም። ደግሞ ጨመረ። ከዚያ እጇ ወረደ፤ ኪሮሹ ጭኗ ላይ ዐረፈ፤ ዓይኗንም ጨፈነች።

ፊንያስ አውራ ጣቱን አነሳላትና ፈገግ ብሎ ከማዞሪያው ዞር አለ።

ለእሱ ድምፁ ያማረ ነበር። ቤዙ ከወለሉ ተነስቶ ጉልበቱን፣ ሆዱን፣ ደረቱን ሞላው። በማኅበሩ ወግ ድምፅ ሲያምር አንድ ሰው ይነሳል፤ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ለብቻው፣ በጫማው ጫፍ ይደንሳል፤ እሱ ሲቀመጥ ሌላው ይነሳል። ያን ቀን የተነሱት ጥቂቶች ነበሩ። ፊንያስ አስተውሎታል፤ ብርዱ ነው አለ። እንግዶቹም መንገድ ሩቅ ነው እያሉ ቀድመው ተበተኑ። እሱ ሸክላ ከሽፋኑ እያወጣ፣ እየወለወለ፣ መርፌ እያሳረፈ ዋለ። ሞካዲ ዓይኗን እንደጨፈነች ነበር፤ እንደዚያ ሆና ሙዚቃ ማዳመጥ ልማዷ ስለሆነ የነካት ሰው የለም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማፉቲ ከጓሮ ገባች፤ እህቷን ፊት ለፊት አይታ የያዘችውን ሳህን ጣለችው። ፊንያስ ሳህኑ ሲሰበር አልሰማም። ሰው ሁሉ ዞር ሲል ነው እሱም የዞረው።

በሌሲባ መኪና ሐኪም ቤት ወሰዷት። የተቀበለቻቸው ነርስ ገና በሩ ላይ ሳሉ ቀና አለች። ይሄ ደረት ከዚህ ይሰማል፣ ስንት ቀን ነው እንዲህ ያፏጨው ስትል ፊንያስ ከከንፈሯ ላይ አነበበው። ሞካዲ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሞተች። ሳንባዋ በሁለቱም በኩል ተይዞ ነበር።

ለቀብር እስኪወጡ ድረስ ቤቱ ውስጥ ሙዚቃ አይነካም፤ አምፕሊፋየሩና ስፒከሮቹ ነጭ ጨርቅ ለበሱ። የመኝታ ቤቱ ዕቃ ወጣ፤ ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፎ የሞካዲ አክስቶችና ማፉቲ ተቀመጡበት። ፖሎክዋኔ ከተማ ያገባች ልጃቸውም መጣች፤ አባቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ እሱ ግን ሰውነቷ ሲንቀጠቀጥ ተሰማው እንጂ ያለችውን አልሰማም።

ሐሙስ ዕለት ማፉቲ ከፍራሹ ተነስታ ግቢ ወጣች። ፊንያስ ብቻውን ባልዲ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«አንድ አልጋ ላይ ነው የምትተኙት» አለችው። «ያ ደረት ሌሊቱን ሙሉ ሲያፏጭ አልሰሙም?»

ሁለት መልስ ነበረው። አልሰማሁም፣ ደንቆሮ ነኝ ማለት አንዱ ነው። ዝም ማለት ሌላው ነው፤ ዝም ያለ ሰው ሰምቶ ተኝቷል ማለት ነው። ፊንያስ ዝም አለ። ማፉቲ ቆማ ጠበቀችው፤ አንገቱን ሲደፋ መልሱን እንዳገኘች ቆጥራ ገባች። ዓርብ ዕለት የመንገዱ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይል ነበር፤ ሰውየው የሚስቱን ሕመም እያወቀ ለተራው ሲል ደበቀ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ሞካዲን በሕይወት ሳለች ዞር ብሎ ያላያት ሁሉ ጠበቃዋ ሆነ። ፊንያስ ሁሉንም ቻለው። ደንቆሮ ከመባል ጨካኝ መባልን መረጠ። ይህን ማሰብ ያንገሸግሻል፤ ግን ያደረገው ይህንኑ ነው።

ቅዳሜ በማለዳ ቀበሯት። ማኅበርተኞቹ ሰማያዊ ኮታቸውን ለብሰው ሳጥኑን ተሸከሙ። ሲመለሱ በሩ ላይ ከተቀመጠው ሳፋ እጃቸውን ታጥበው ገቡ፤ በሉ። ከዚያ ሌሲባ ኮፍያውን አውልቆ ወደ አክስቶቹ ሄደ። ማኅበሩ የራሱን ሰው ሲቀብር ዝም ያለውን ቤት ራሱ ይከፍተዋል፤ የሟች ተወዳጅ ሸክላ አንዴ ይደመጥና ይበተናል። አክስቶቹ ፈቀዱ። ሳሎኑ ሞላ፤ ማፉቲ ጓዳው በር ላይ ቆመች። ጨርቁ ተገለጠ።

ፊንያስ አምፕሊፋየሩ ፊት ቆመ። ሌሲባ ቀረብ ብሎ፣ ፊት ለፊቱ ሆኖ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ።

«ወንድሜ፣ ዛሬስ ቀጭኑን ቀነስ አድርግልን። እሁድ ለት ጆሮአችንን ሲቆርጠው ነበር የዋለው፤ ትራምፔቱ ምላጭ ሆኖብን። የአተሪጅቪሎቹማ ራሳቸውን አሟቸው ነው የሄዱት። አንተን ማን ደፍሮ ይናገርሃል፤ ሆን ብለህ መስሎን ዝም አልን።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሦስት ሰፈር ሳምንቱን ሙሉ ሲያወራው የሰነበተው ነገር ለፊንያስ አሁን ገና ደረሰው። ወደ ማዞሪያው አየ። ከእሁድ ወዲህ የነካው ሰው የለም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያ ማዞሪያ ከመሃል እምብዛም አልፎ አያውቅም፤ አሁን ጫፉ ድረስ ሄዶ ቆሟል። እዚያ ድረስ ያዞረው የገዛ እጁ ነው።

ያኔ ገባው። ሞካዲ ያን ድምፅ ሰምታ ልክ ነው የምትል ሴት አልነበረችም። ሌላ ቀን ቢሆን ከግማሹ ሳያልፍ ክሩን ትጠመጥምበት ነበር። ኪሮሹን አላስቀመጠችውም፤ ወደቀባት። እጇ ከፍ ብሎ የቀረው ጨምር ለማለት አልነበረም፤ አንድ ነገር ልትለው፣ ልትጠራው ነበር። እሱ ደግሞ አውራ ጣቱን አነሳላት።

የስፒከሩን ጠርዝ ያዘ።

«አልሰማም» አለ። ድምፁ ምን ያህል እንደወጣ ስላላወቀ ደገመው። «እኔ አልሰማም። ደንቆሮ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ትሰማ የነበረችው እሷ ናት፤ ሁሉንም ቤት ያስተካከለችው እሷ ናት። ደረቷንም አልሰማሁም።»

ሰዎቹ መሬት መሬት አዩ። ሌሲባ ትከሻውን ይዞ፣ አይዞህ፣ ሐዘን ነው፣ ሐዘን ሰውን ብዙ ያናግራል አለው። ከኋላ አንዱ፣ እሱ ደንቆሮ ከሆነ እኛ ምን ልንባል ነው አለ፤ ሌላው ተው አለው። አሥራ አንድ ዓመት ተጠንቅቀው የሠሩት ውሸት ስለነበር እውነቱ ሲመጣ የሚያስገባው በር አላገኘም። ፊንያስ ፊታቸውን አንድ በአንድ እያየ፣ እመኑኝ እመኑኝ ይል ጀመር።

ማፉቲ ከጓዳው በር ተነስታ መጣች። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁላት። ፊቱ ላይ ቆመች፤ ከንፈሯን በደንብ ያያል። ከታላቅ እህቷ ሠርግ ቀን ጀምሮ አንቱ ስትለው ነበር የኖረችው።

«እኔ አምንሃለሁ» አለችው። «ደንቆሮ ነህ። ሲያፏጭ አልሰማህም፤ ይሁን። ዓይንህስ? እኔ ከጓሮ ገብቼ ባየኋት ቅጽበት ነው ያወቅሁት፤ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። አንተ ፊት ለፊቷ ቆመህ ነው የዋልከው። እሷን ስታይ አይደለም እንዴ የነበርከው?»

ፊንያስ ወደ መሃለኛው ወንበር ዞረ።

«እጇን ነበር የማየው» አለ። «እጇን ብቻ።»